በአዋቂዎች ፊልም የመዝገብ አያያዝ ረቂቅ ደንብ ላይ አስተያየት እንዴት ይላካል?

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአዋቂዎች መዝናኛን የመዝገብ አያያዝ የሚመለከት ረቂቅ ደንብ ባወጣ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። ዜጋ ያልሆነ ሰው አስተያየት መስጠት ይችላል? የት ነው የሚላከው? ደግሞስ ማን ያነበዋል? ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ፣ ፎቶ የሚያነሱ ወይም ለእነዚህ ሥራዎች ሰነድ የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

መልሱ አጭር ነው። ዜግነት አይጠየቅም፣ ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም፣ ክፍያም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1946 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሥሪያ ቤቱ የቀረቡለትን ተገቢ አስተያየቶች እንዲያጤን ያስገድደዋል። እያንዳንዱን ቁጣና ምስጋና እየለየ የመመለስ ግዴታ ግን የለበትም። መልስ የሚገባው የትኛው አንቀጽ ምን ችግር እንደሚፈጥር፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣና በምን ሊተካ እንደሚችል የሚያሳይ አስተያየት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደዚያ ዓይነት ጽሑፍ የሚያደርሱ ናቸው።

ጉዳዩ ለማያውቁት፦ በአሜሪካ ሕግ መድብል ርዕስ 18 የሚገኘው አንቀጽ 2257 እውነተኛ የወሲብ ድርጊት የሚያሳይ ምስል የሚያዘጋጅ ሰው የእያንዳንዱን ተዋናይ መታወቂያ አይቶ ዕድሜውን እንዲያረጋግጥ፣ መዝገብ እንዲይዝ፣ መዝገቡ የት እንደሚገኝም በሥራው ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ዓላማው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይገባበት ነው። አንቀጽ 2257ኤ ደግሞ በትወና የተመሰለ ድርጊትን ይመለከታል። ዝርዝር አፈጻጸማቸው ያለው በፌዴራል ደንቦች መድብል፣ በ28 ሲ.ኤፍ.አር. ክፍል 75 ውስጥ ነው። ረቂቅ ሲወጣ የሚሻሻለውም ይኸው ክፍል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የረቂቁ ሙሉ ጽሑፍ። የዜና ማጠቃለያ አይበቃም፤ ዜናው የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ የሚፈልጉትን ዝርዝር ነው።
- የዶኬት ቁጥሩ (የጉዳዩ መዝገብ ቁጥር) እና አር.አይ.ኤን. የሚባለው የደንቡ መለያ። ሁለቱም በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሉ።
- አሁን በሥራ ላይ ያለው የክፍል 75 ጽሑፍ፣ እንዲሁም የአንቀጽ 2257 ጽሑፍ።
- በመዝገብ ሥራ ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ የያዘ ማስታወሻ፣ ቢቻል የሁለት ሳምንት።
- የኢሜይል አድራሻ፣ ጽሑፉን በፒ.ዲ.ኤፍ. የሚያስቀምጥ ፕሮግራም፣ እንግሊዝኛውን የሚያይልዎ አንድ ሰው።

1. ትክክለኛውን ሰነድ ይያዙ

ረቂቁ የሚታተመው ፌዴራል ሬጂስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ከእኛ ነጋሪት ጋዜጣ ጋር የሚመሳሰል ቢሆንም አንድ ልዩነት ሰዎችን ያሳስታል፤ ነጋሪት ላይ የወጣ ነገር ያለቀለት ሕግ ሲሆን ፌዴራል ሬጂስተር ግን ገና ያልጸደቀውንም ያትማል። ስለዚህ ከርዕሱ አጠገብ ያለውን ምድብ ይመልከቱ። «ፕሮፖዝድ ሩል» የሚል ከሆነ ረቂቅ ነው፣ አስተያየት ይቀበላል። «ፋይናል ሩል» የሚል ከሆነ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

ሰነዱን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያገኙት ረጅም ማብራሪያ ነው። ብዙ ሰው እዚያው ይደክመውና ያቆማል። የሚያስገድደው ቃል ያለው ግን በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው። ከዚያ ይጀምሩ፣ ማብራሪያውን በኋላ ያንብቡ።

2. የመዝጊያ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ

«ዴትስ» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር ቀኑ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2007 በዚሁ ጉዳይ የወጣው ረቂቅ እስከ መስከረም 10 ድረስ፣ ማለትም 60 ቀን ክፍት ነበር። 30 ቀን ብቻ የሚሰጥበትም ጊዜ ስላለ በልማድ አይገምቱ።

በኤሌክትሮኒክ ለሚላክ አስተያየት መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከሌሊቱ 11:59 ነው። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በሐበሻ አቆጣጠር 5:59 ሌሊት መሆኑ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለ ሰው ገና ማታ 8:59 ላይ፣ እንደገና በፈረንጅ፣ ይዘጋበታል። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ የሚታየው የደረሰበት ቀን ይሁን ፖስታ ቤቱ ማኅተም ያደረገበት ቀን በማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ዘግይቶ የደረሰን አስተያየት መሥሪያ ቤቱ ሊያየው ይችላል እንጂ የማየት ግዴታ የለበትም።

3. ሕጉን ከደንቡ ይለዩ

ብዙ አስተያየቶች ከንቱ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ሕጉን ያወጣው ኮንግረስ ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር የሚያወጣው ሕጉን ማስፈጸሚያ ደንብ ብቻ ስለሆነ ኮንግረስ የጻፈውን መሰረዝ አይችልም። «ይህ ሕግ ይነሣ» ብለው አሥር ገጽ ቢጽፉ የሚያገኙት መልስ «ይህ ከሥልጣናችን ውጭ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

እንዴት ይለያሉ? ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በግራ ሕጉ የሚለውን፣ በቀኝ ደንቡ የጨመረውን ይጻፉ። ሦስት ምሳሌዎች፦

መዝገቡ የት እንደሚገኝ የሚገልጸው ጽሑፍ ምስሉ ባለበት በእያንዳንዱ የድረ ገጽ ገጽ ላይ ይለጠፍ የሚለው ከሕጉ ነው፤ ኮንግረስ በ2006 ጨምሮታል። ሚኒስቴሩን «ይቅርልን» ማለት ዋጋ የለውም። የእስራት ቅጣቱም፣ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5 ዓመት፣ ከሕጉ ነው።

መዝገቡ ለምርመራ ክፍት ስለሚሆንበት ጊዜ ሕጉ የሚለው «በማናቸውም ተገቢ ሰዓት» ብቻ ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያነሰ አዘጋጅ ቢያንስ 20 ሰዓት መድቦ ያሳውቅ የሚለው ቁጥር የመጣው ከደንቡ ነው። መዝገቡ ለ7 ዓመት ይቆይ የሚለውም፣ ምርመራ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ይደረግ የሚለውም እንደዚሁ። እዚህ ላይ የሚጻፍ አስተያየት ሰሚ አለው።

ሦስተኛው የሁለቱ መገናኛ ነው። ሕጉ መዝገቡ በንግድ ቦታው «ወይም ሚኒስትሩ በደንብ በሚወስነው ሌላ ቦታ» ይቀመጥ ይላል። ይህ «ወይም» ለሚኒስቴሩ የተተወ በር ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የቤት አድራሻቸው ለሕዝብ እንዳይወጣ ሲጠይቁ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 2008 የወጣው የመጨረሻ ደንብ መዝገቡን ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ሌላ ጠባቂ እንዲይዝ ፈቀደ። በሕጉ ውስጥ እንዲህ ያለ «ወይም» ወይም «ሚኒስትሩ ይወስናል» የሚል ሐረግ ባገኙ ቁጥር ያስምሩበት። አስተያየትዎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

4. ከሦስት የማይበልጡ ነጥቦች ይምረጡ

ሁሉንም ለመንካት አይሞክሩ። በእጅዎ የሚያውቁትን ይምረጡ። አቀናባሪ ከሆኑ የፋይል ስምና መለያ ቁጥር አያያዝን፣ ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ከሆነ ከዋናው አዘጋጅ ቅጂ መቀበልን፣ ሰነድ የሚይዙ ከሆነ አደራደሩን ይውሰዱ።

ለአብነት እኛ ብቻ የምናየው አንድ ችግር ይኸውና። ክፍል 75.2 መዝገቡ በተዋናዩ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ በመጀመሪያ ስሙ እንዲደረደር ያዛል። የኢትዮጵያ ስም ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው። የአንድ ሰው መንጃ ፈቃድ የአባቱን፣ ግሪን ካርዱ የአያቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሊይዝ ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሆሄው ከሰነድ ሰነድ ይለያያል። መርማሪ በአንዱ ስም ፈልጎ ካጣው መዝገቡ እንዳልተያዘ ሊቆጥረው ይችላል። ይህን መጻፍ የሚችለው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዋሽንግተን ያለ ሠራተኛ ከየት ያመጣዋል?

5. ቁጥር ይሥሩ

«ሸክሙ ከባድ ነው» የሚል ቃል አይመዘንም፤ ሰዓትና ብር ይመዘናል። የመዝገብ መያዝ ግዴታ በ1995ቱ የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ ሥር ስለሚወድቅ ሚኒስቴሩ በረቂቁ ውስጥ የራሱን የሰዓት ግምት ማስፈር አለበት። የእርስዎ ሥራ ያንን ግምት ፈልጎ በራስዎ ልኬት መፈተን ነው።

አሠራሩ ይህ ነው፦ የአንድ ተዋናይ መዝገብ ለማዘጋጀት የሚወስደውን ጊዜ በእያንዳንዱ ተግባር ይለኩ። መታወቂያ ማየትና ቅጂ ማድረግ፣ ስሞችን መመዝገብ፣ ከሥራው ርዕስ ጋር ማያያዝ፣ ከሌሎች ሰነዶች ለይቶ ማስቀመጥ። እንበልና በድምሩ 25 ደቂቃ ሆነ። በዓመት 120 መዝገብ ካለ 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ነው። በሰዓት ምን ያህል እንደሚከፍሉ ያባዙት። የምርመራ ሰዓቱም ለብቻው ይሰላል፤ በሳምንት 20 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 1,040 ሰዓት ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ የአንድ ሙሉ የሥራ ዓመት ግማሽ መሆኑን በግልጽ ይጻፉት።

ቁጥሩን እንዴት እንዳገኙትም ያስረዱ፦ ስንት መዝገብ ለኩ፣ በስንት ቀን። መንገዱ ያልተገለጸ ቁጥር ከግምት አይሻልም። ትንሽ ድርጅት ከሆኑ ያንንም ይግለጹ፤ መሥሪያ ቤቱ በትናንሽ ድርጅቶች ላይ የሚደርሰውን ጫና የማየት የተለየ ግዴታ አለበት። በረቂቁ ውስጥ «በትናንሽ ድርጅቶች ላይ ጉልህ ጫና የለውም» የሚል ማረጋገጫ ካዩ ቁጥርዎን ከዚያ ዐረፍተ ነገር ጋር ያጋጩት።

6. ይጻፉ

በእንግሊዝኛ ይጻፉ። አስቀድመው በአማርኛ ማርቀቅ ይቻላል፣ ሲተረጎም ግን የደንቡን ቃላት እንዳሉ ይያዙ። «ፕሮዲዩሰር» (አዘጋጅ)፣ «ሰከንደሪ ፕሮዲዩሰር» (ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የሚያትም ወይም የሚያባዛ) እና «ፐርፎርመር» (ተዋናይ) በሕጉና በክፍል 75.1 ትርጉም የተሰጣቸው ቃላት ናቸው፤ በሌላ ቃል ከተተኩ አንባቢው ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ ይመስለዋል።

ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል። ከላይ የዶኬት ቁጥሩ። ቀጥሎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሥራዎ ምን እንደሆነ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ነገር በተከታታይ፦ አንቀጹ፣ ችግሩ፣ ቁጥሩ ወይም ማስረጃው፣ የሚተካው ቃል። በስሙ ጉዳይ ላይ የሚተካው ቃል ለምሳሌ ይህን ይመስላል፦ «…በቀረበው የፎቶ መታወቂያ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ በተጻፈው ስም ይደረደራል፤ ሌላ ሰነድ ላይ በተለየ ሆሄ የተጻፈ ስም ካለ በማጣቀሻ ይያያዛል።»

የሚተካውን ቃል መጻፍ ያልለመዱ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። አይዝለሉት። ሠራተኛው ችግርዎን ቢያምንበት እንኳ መፍትሔውን ራሱ መፍጠር ካለበት ሊተወው ይችላል። ደንቡ የወጣበትን ዓላማ፣ የልጆችን ጥበቃ፣ ሳይነካ ሸክሙ እንዴት እንደሚቀንስ ማሳየትም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚያ በኩል ይመጣል።

7. ከመላክዎ በፊት ያጽዱ

የላኩት ነገር ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊያየው ይችላል፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንሣት ከባድ ነው።

- የተዋናይ ስም፣ የልደት ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም ቅጂ ፈጽሞ አያያይዙ። ናሙና ካስፈለገ በፈጠራ ስም የተሞላ ቅጽ ይሥሩ።
- የቤት አድራሻዎን፣ ስልክዎን፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን አይጻፉ። አይጠየቁም።
- በፒ.ዲ.ኤፍ. ላይ ጥቁር ሣጥን መሳል ጽሑፉን አይደመስሰውም፤ ከሥሩ እየተቀዳ ይወጣል። ቃሉን ከዋናው ፋይል አጥፍተው እንደ አዲስ ፒ.ዲ.ኤፍ. ያስቀምጡ። በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ የኮምፒዩተሩ ባለቤት ስም እንዳይቀርም ይመልከቱ።
- በማስታወቂያው ላይ ስለ ግል መረጃ የተጻፈውን ያንብቡ። ፍትሕ ሚኒስቴር ሲከተለው የቆየው አሠራር፣ እንዲሸፈን የሚፈልጉት የግል መረጃ ካለ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ፐርሰናል አይደንቲፋይንግ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ሐረግ በእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ እንዲጽፉና መረጃው የት እንዳለ እንዲያመለክቱ ነው። ለንግድ ምሥጢር «ኮንፊደንሻል ቢዝነስ ኢንፎርሜሽን» የሚል ሌላ ሐረግ አለ። ሐረጉን ካልጻፉ ማንም አይሸፍንልዎትም።

ጥንቃቄ፦ «እኛ እስካሁን ይህን አናደርግም» ብለው አይጻፉ። አስተያየት መስጠት ከክስ አይከልልም፤ በጽሑፍ የተሰጠ የእምነት ቃል ሊሆን ይችላል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የራስዎ መዝገብ ጉድለት ካለበት መጀመሪያ ጠበቃ ያነጋግሩ።

8. ይላኩ

ሬጉሌሽንስ ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ የዶኬት ቁጥሩን ያስገቡ። በአንድ ዶኬት ሥር ብዙ ሰነድ ስላለ ረቂቅ ደንቡን መርጠው «ኮሜንት» የሚለውን ይጫኑ። የጽሑፍ ሣጥኑ የሚቀበለው 5,000 ሆሄ ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ስለዚህ ሙሉውን በፒ.ዲ.ኤፍ. አያይዘው ሣጥኑ ውስጥ አጭር ማጠቃለያ ያስገቡ። እስከ 20 ፋይል፣ እያንዳንዱ እስከ 10 ሜጋባይት ማያያዝ ይቻላል። ሣጥኑን «ሲ አታችድ» (አባሪውን ይመልከቱ) ብቻ ብሎ መተው ይቻላል፣ ግን አባሪው ባይከፈት የሚነበብ ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ በግለሰብ፣ በድርጅት ወይም ስም ሳይጠቅሱ መላክን ይመርጣሉ። ስም አለመጥቀስ ይፈቀዳል። ቢሆንም ቁጥሮችዎ የሚመዘኑት በሙያዎ ስለሆነ ስምዎን ቢተዉም ሥራዎን በጽሑፉ ውስጥ ይግለጹ። የኢሜይል አድራሻዎን ያስገቡ፤ ማረጋገጫው የሚደርስዎ በዚያ ነው። ሲጨርሱ የሚወጣውን የመከታተያ ቁጥር ፎቶ ያንሡት። አስተያየቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ አልታየም ብለው ደግመው አይላኩ።

9. ሁለተኛውን ቅጂ አይርሱ

ይህን ደረጃ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፣ ለመዝገብ አያያዝ ደንብ ግን ከሁሉም ይልቅ ሊጠቅም የሚችለው እሱ ነው። በወረቀት ሥራ ቅነሳው ሕግ መሠረት የመዝገብ ግዴታው በዋይት ሀውስ ሥር ባለው በማኔጅመንትና በጀት ጽሕፈት ቤትም በኩል ማለፍ አለበት። እዚያ ጉዳዩን የሚያየው ኦ.አይ.አር.ኤ. የሚባለው ክፍል ነው። በረቂቁ ውስጥ «ፔፐርወርክ ሪዳክሽን አክት» የሚለውን ርዕስ ይፈልጉ፤ የሚላክበት አድራሻና ቀን እዚያው አለ፤ ቀኑም ከዋናው አስተያየት ቀን ሊቀድም ይችላል።

እዚህ የሚመዘኑት አራት ጥያቄዎች ናቸው፦ መረጃው በእርግጥ ጥቅም ይሰጣል? የሰዓት ግምቱ ትክክል ነው? ጥራቱና ግልጽነቱ ሊሻሻል ይችላል? በኮምፒዩተር ወይም በሌላ ዘዴ ሸክሙ ሊቀንስ ይችላል? በደረጃ 5 የሠሩትን ስሌት በእነዚህ አራት ርዕሶች ሥር አሰልፈው ይላኩ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

አንድ ደብዳቤ ለመቶ ሰው አባዝቶ ማስፈረም። ይህ ምርጫ አይደለም፣ ድምፅ አይቆጠርም። ተመሳሳይ ደብዳቤዎች በአንድነት ተጠቃለው እንደ አንድ ነጥብ ይታያሉ። መቶው ሰው እያንዳንዱ የራሱን ሰዓት ለክቶ ሦስት መስመር ቢጨምር ግን መቶ ማስረጃ ይሆናል።

የሥራውን ሞራል መከራከሪያ ማድረግ፣ በየትኛውም ወገን። ሠራተኛው «ከረቂቁ ጋር አይገናኝም» ብሎ ያልፈዋል።

የቆየን ደንብ መተቸት። ረቂቁ የማይነካውን አንቀጽ ካነሡ ከርዕሱ እንደወጣ ይቆጠራል። ማንሣት ካለብዎት ረቂቁ ያንን አንቀጽ እንዴት እንደሚያባብሰው ያያይዙት።

ትልቁን ነጥብ ለፍርድ ቤት ማቆየት። በአስተያየት ጊዜ ያልተነሣን ጉዳይ ፍርድ ቤት «ለመሥሪያ ቤቱ ዕድል አልሰጣችሁም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

አስተያየት ስለላኩ ግዴታው እንደቀረ ማሰብ። የመጨረሻው ደንብ እስኪጸና በሥራ ላይ ያለው ክፍል 75 እንዳለ ነው።

10. ከላኩ በኋላ

በዶኬቱ ገጽ ላይ የኢሜይል ማሳወቂያ ይመዝገቡ። የመጨረሻው ደንብ ለመውጣት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ የ2007ቱ ረቂቅ 17 ወር ያህል ፈጅቷል። ሲወጣ በማብራሪያው ውስጥ «አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ብሏል» የሚሉትን አንቀጾች ይፈልጉ፤ ስምዎ አይጠቀስም፣ ነጥብዎን የሚያውቁት በቃሉ ነው። ከዚያ «ኢፌክቲቭ ዴት» የሚለውን ያንብቡ። ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከታተመ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ቅጾችዎንና የፋይል አደራደርዎን የሚያስተካክሉት በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው።